ያልተጻፉት ሕጎች፦ ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምደባ በሚጠበቅበት ሰሞን፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ያሳደጉ ወላጆች ሁለት ዓይነት ጥያቄ ይቀርብላቸዋል። አንዱ «ኦቲዝም ካለበት ዩኒቨርሲቲ ምን ሊያደርግ ይገባል?» የሚል ነው። ሌላው «ይህን የመሰለ ውጤት ካመጣ ደግሞ የምን ድጋፍ ነው?» የሚል ነው። ጥያቄዎቹ የሚቃረኑ ይምሰሉ እንጂ የሚነሡት ከአንድ አሳብ ነው፤ ሁለቱም ኦቲዝምን ከማሰብ ችሎታ ማነስ ጋር አንድ አድርገው ያዩታል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጠያቂ ተማሪውን ከበሩ ይመልሰዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ በሩን ካለፈ በኋላ ብቻውን ይተወዋል።

ጉዳዩን ማብራራት የሚያስፈልገው ሀገር አቀፍ ፈተናውን ማለፍ ራሱ ብርቅ በሆነበት ጊዜ ላይ በመሆናችን ጭምር ነው። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያመጡት 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚህ ወንፊት ያለፈ ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ትምህርቱን መከታተል እንደሚችል አስመስክሯል። ግቢው ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ የሚጠይቀው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ማንም በግልጽ የማያስተምራቸውን፣ በየትኛውም ሞጁል ውስጥ የማይገኙትን የአኗኗር ሕጎች ማወቅ። የብዙዎቹ ችግር የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ዝግጅቱም ማተኮር ያለበት እዚህ ላይ ነው። ምሳሌዎቻችንን በብዛት የምንወስደው ከጎንደር ከተማና ከዩኒቨርሲቲዋ ነው።

ቃሉ የሚይዘውና የማይዘው

ኦቲዝም አብሮ የሚወለድና ዕድሜ ልክ የሚዘልቅ የአእምሮ አፈጣጠርና እድገት ልዩነት ነው። ሰው ከሌሎች ጋር የሚግባባበትን መንገድ፣ ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታና ንክኪ የሚሰማውን መጠን፣ እንዲሁም ለለመደው ሥርዓትና ለሚወደው ጉዳይ ያለውን ጥብቅ ዝንባሌ ይነካል። የሕፃናት የአእምሮ ሐኪም የነበረው ሊዮ ካነር በ1943 እ.ኤ.አ.፣ ኦስትሪያዊው ሐኪም ሃንስ አስፐርገር ደግሞ በዓመቱ ያወጧቸው ጽሑፎች ለብዙ አሥርት ዓመታት «ኦቲዝም» እና «አስፐርገር» የሚሉ ሁለት የተለያዩ ስሞች እንዲኖሩ ምክንያት ሆነው ነበር። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር ሁለቱን «የኦቲዝም ስፔክትረም» በሚል አንድ ስም አጠቃለላቸው፤ ከ2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት የበሽታዎች ምደባም ይህንኑ መንገድ ተከትሏል።

ስፔክትረም የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ ከቀላል ወደ ከባድ የተዘረጋ አንድ መስመር ተደርጎ ይተረጎማል። ይህ አተረጓጎም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ በተለይ ጎጂ ነው። አንድ ተማሪ የሒሳብ ማረጋገጫ በቃሉ እየሠራ የካፌውን ጫጫታ ግን አሥር ደቂቃ መቋቋም ሊያቅተው ይችላል። ሌላዋ ጫጫታው ምንም ሳይመስላት የክፍለ ጊዜ መቀየር ቀኑን ሙሉ ሊያውካት ይችላል። ጥንካሬውና ድካሙ በአንድ ሰው ውስጥ ጎን ለጎን ይኖራሉ እንጂ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ከኦቲዝም ጋር ተደርቦ የሚገኝባቸው ሰዎች አሉ፤ የሌለባቸውም ብዙ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ገምቷል።

ታዲያ በእኛ ዘንድ ቃሉ ሲጠራ የሚታሰበው ለምን ሁልጊዜ የማይናገር ትንሽ ልጅ ሆነ? ምክንያቱ የቃሉ ታሪክ ነው። ኦቲዝም በኢትዮጵያ በስፋት የታወቀው በእናቶች ጥረት ሲሆን፣ ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የመሠረቱት ጆይ የኦቲዝም ማዕከልና ከእርሱ በኋላ የተቋቋመው ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል፣ ሁለቱም በአዲስ አበባ፣ ደጃቸውን የከፈቱት ትምህርት ቤት የማይቀበላቸውና ቤት ውስጥ ተደብቀው ለሚያድጉ ልጆች ነበር። በጊዜው ከዚህ የሚቀድም ሥራ አልነበረም። በየዓመቱ መጋቢት 24 የሚታሰበው የኦቲዝም ቀንም በመገናኛ ብዙኃን የሚታየው በእነዚሁ ልጆች ነው። ልጆቹ እንደሚያድጉ፣ ከእነርሱ ጋር አንድ ስም የሚጋራ የፊዚክስ ተማሪ ሊኖር እንደሚችል ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። «የኦቲዝም ተጠቂ» የሚለው የተለመደ አጠራርም አደጋ የደረሰበት ሰው ሥዕል ስለሚያመጣ፣ በዚህ ጽሑፍ «ኦቲዝም ያለበት» የሚለውን ይዘናል።

ሳይታወቅ የሚታለፈው ዕድሜ

ጎንደርን በመሰለ፣ ጨዋነት በዝምታና በአንገት መድፋት በሚለካበት ከተማ፣ ኦቲዝም በቀላሉ አይን ውስጥ አይገባም። በብዙ ሀገሮች የሕክምና መጠይቅ ከመጀመሪያዎቹ ምልክቶች አንዱ ሰውን አይን ለአይን አለማየት ነው። በእኛ ዘንድ ግን ታላቁን አይን አይኑን የሚያይ ልጅ «ደፋር» ይባላል፤ መሬት መሬት የሚያየው ይመሰገናል። ለሴት ልጅ ደግሞ ይህ በእጥፍ ይጠነክራል። ብዙ የማትናገር፣ ከእኩዮቿ ጋር የማትወጣ፣ መጽሐፏ ላይ ያቀረቀረች ልጅ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ» ስትባል ታድጋለች፤ ውስጧ ያለውን ጭንቀት የሚጠይቅ አይኖርም። ባህሪው ወጣ ያለ ከሆነ ደግሞ ወሬው ወደ ቡዳ ወይም ወደ እርግማን ያዘነብላል። ጸበል መግባትና ሐኪም ዘንድ መቅረብ እርስ በርስ የሚከለካከሉ አይደሉም፤ ጉዳቱ የሚመጣው የመጀመሪያው ሁለተኛውን ለዓመታት ሲያዘገየው ነው።

ሌላው ምክንያት ቤቱ ራሱ ነው። እናት ልብሱን ታጥባለች፤ የማይወደውን ወጥ ታውቃለች፤ እንግዳ ሲበዛ ወደ ጓዳ እንዲገባ በዘዴ ትፈቅዳለች። ታላቅ እህት ከመምህሩ ጋር ትነጋገርለታለች። ይህ ሁሉ ድጋፍ ነው፤ ስም ስላልተሰጠው ብቻ አይታይም። ተማሪው ሻንጣውን ይዞ ወደ ሌላ ከተማ ሲሄድ ድጋፉ በአንድ ቀን ይነሣል፤ ያን ጊዜ «በቤቱ ደህና የነበረው ልጅ ግቢ ገብቶ ተለወጠ» ይባላል። ልጁ አልተለወጠም፤ የተለወጠው በዙሪያው የነበረው ነገር ነው።

እዚህ ላይ በባለሙያዎች ዘንድ «ማስኪንግ» የሚባለውን መረዳት ያስፈልጋል። ቃሉ ጭምብል ማጥለቅ ማለት ሲሆን፣ ኦቲዝም ያለበት ሰው ከሌሎች ተለይቶ ላለመታየት ፈገግታውን፣ ሰላምታውንና አነጋገሩን ከሌሎች ቀድቶ በጥረት ማስመሰሉን ያመለክታል። ማስመሰሉ ይሠራል፤ ዋጋው ግን ከባድ ድካም ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ስድስት ወይም ሰባት ሰዓት አስመስሎ ቤቱ ሲገባ በሩን ዘግቶ ያርፋል። ዶርም ውስጥ የሚዘጋ በር የለም። ጭምብሉ ሌሊትም አይወልቅም። ብዙ ተማሪዎች በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና መስለው ቆይተው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ወር በድንገት ክፍል መግባት የሚያቆሙት በዚህ ምክንያት እንደሆነ መገመት ይቻላል፤ ከውጭ ሲታይ ስንፍና ይመስላል።

ዶርም፣ ካፌና ማስታወቂያ ሰሌዳ

በኢትዮጵያ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ክፍል ለብዙዎች ነው፤ ተደራራቢ አልጋ፣ የጋራ መታጠቢያ፣ የጋራ መብራት። አብረው የሚያድሩት ብዙ ጊዜ በስም ፊደል ተራ የተደለደሉ፣ ከተለያየ ክልል የመጡና የማይተዋወቁ ወጣቶች ናቸው። ለአብዛኛው ተማሪ ይህ የማይረሳ ወዳጅነት የሚወለድበት ቦታ ነው፤ ኦቲዝም ያለበትም ተማሪ ከዚህ በረከት የግድ ይቀራል ማለት አይደለም። ነገር ግን የአንዱ ስልክ ሙዚቃ፣ የሌላው የሌሊት ጥናት መብራት፣ ያለፈቃድ አልጋ ላይ የሚቀመጥ እንግዳ፣ የተወሰደና «ተውሼህ ነው» የሚባል ነጠላ ጫማ፣ ነርቩ ድምፅንና ንክኪን አጉልቶ ለሚቀበል ሰው ተደምረው እረፍት የሌለው ቀን ይሆናሉ። የጎንደር ሌሊት ደግሞ ጸጥ ያለ አይደለም፤ ከአብያተ ክርስቲያናትና ከመስጊዶች የሚሰማው ድምፅ ማጉያ ለነዋሪው የለመደው ሕይወት ሲሆን፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ተማሪ ግን ቀድሞ ሊያውቀውና ሊዘጋጅበት የሚገባ ነገር ነው። ለጆሮ መሰኪያ የሚወጣው ጥቂት ብር ከብዙ ምክር ይልቅ ይጠቅማል።

ካፌው የባሰ ነው። ረጅም ሰልፍ፣ የሳህንና የማንኪያ ድምፅ፣ የዘይትና የወጥ ሽታ፣ መቀመጫ ፍለጋ። ኦቲዝም ካለባቸው ሰዎች ብዙዎቹ የሚበሉት የምግብ ዓይነት ውስን ነው፤ ምክንያቱም የምግቡ ልስላሴ፣ ሙቀትና ሽታ ከጣዕሙ እኩል ይሰማቸዋል። ከዚህ በላይ ደግሞ አንዳንዶቹ ረሃብን ራሱን በጊዜው አይለዩትም፤ ሲያዞራቸው ነው እንዳልበሉ የሚያውቁት። ሰልፉን ለመሸሽ ምሳ የዘለለ ተማሪ እራትም ይዘላል፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ችግሩ የትምህርት ይመስላል እንጂ የምግብ ነው። በወጪ መጋራት ሥርዓቱ ውስጥ ምግብን በዓይነት ከመውሰድ ይልቅ በገንዘብ ተቀብሎ ከካፌ ውጭ መመገብ፣ ተማሪዎች «ኖን ካፌ» የሚሉት አማራጭ አለ። ገንዘቡ ከገበያው ዋጋ ጋር ስለማይመጣጠን ቤተሰብ መደጎም ይኖርበት ይሆናል፤ ቢሆንም አማራጩ መኖሩን ከምዝገባው በፊት ማወቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ቦታ ማስታወቂያ ሰሌዳው ነው፤ ዛሬ ዛሬ የቴሌግራም ቡድንም ተጨምሮበታል። የምዝገባ ቀን፣ የክፍል ለውጥ፣ የአሳይመንት ማስረከቢያ ሰዓት በአንድ ቦታ አይገለጽም። ግማሹ ይለጠፋል፤ ግማሹ በክፍል ተጠሪው በኩል ይላካል፤ የቀረው ኮሪደር ላይ ከሰው ሰው ይነገራል። በወሬው ሰንሰለት ውስጥ የሌለ ተማሪ የመጨረሻውን ክፍል በጭራሽ አይሰማም። በዚህ ላይ «ኤግዚኪዩቲቭ ፈንክሽን» የሚባለው፣ ሥራን በቅደም ተከተል የማቀድ፣ የመጀመርና ከአንዱ ወደ ሌላው የመሸጋገር የአእምሮ ተግባር፣ ኦቲዝም ባለባቸው ብዙ ሰዎች ላይ ይከብዳል። ትምህርቱን ከክፍሉ ሁሉ ቀድሞ የተረዳ ተማሪ ወረቀቱን ሳያስረክብ የሚቀርበት ምክንያት ይኸው ነው። መምህሩ ግን የሚያየው ያልገባውን ወረቀት ብቻ ነው።

ሰሙን የሚሰማ፣ ወርቁ የሚያልፈው

የአማርኛ ንግግር ራሱ አንድ ፈተና መሆኑ ብዙ አልተባለም። ቋንቋችን በቀጥታ ከመናገር ይልቅ ዞሮ መምጣትን ያከብራል፤ ሰምና ወርቅ የቅኔ ብቻ ሳይሆን የቢሮና የዶርም ቋንቋም ነው። ጸሐፊዋ «እስቲ ነገ ብቅ በል» ስትል ነገን ላታስብ ትችላለች። መምህሩ «እናያለን» ሲል አብዛኛውን ጊዜ እምቢታው ነው። ጓደኛ «እንብላ» ሲል ይሉኝታ ነው ወይስ ግብዣ? ስንት ጊዜ እምቢ ማለት ጨዋነት ነው፣ ስንተኛው ላይስ ኩራት ይሆናል? ጉርሻን መመለስ ንቀት ይሆን? ቃሉን እንዳለ የሚቀበል ተማሪ በማግስቱ ቢሮ ይገኛል፤ በሦስተኛው ቀንም ይገኛል፤ በመጨረሻ «ነገር የማይገባው» ይባላል። እርሱ ግን የተባለውን በትክክል ነበር ያደረገው።

የእንግሊዝ ሶሺዮሎጂስትና ራሱም ኦቲዝም ያለበት ዴሚየን ሚልተን በ2012 እ.ኤ.አ. ያቀረበው አሳብ እዚህ ላይ ይረዳል። እንደ እርሱ አገላለጽ አለመግባባቱ የሁለቱም ወገን ነው፤ ኦቲዝም ያለበት ሰው ሌሎችን ለመረዳት እንደሚቸገር ሁሉ ሌሎችም እርሱን ለመረዳት ይቸገራሉ። ይህ ከሆነ ዝግጅቱ የተማሪው ብቻ ሊሆን አይችልም። ተማሪው የአነጋገር ልማዶችን አስቀድሞ ሊማር ይችላል፤ ወላጅ ወይም ታላቅ ወንድም «እንዲህ ሲሉህ እንዲህ ማለታቸው ነው» እያለ ቢያስረዳው የሚያሳፍር አይደለም። በሌላ በኩል መምህሩም «ማክሰኞ አምስት ሰዓት ና» ቢል፣ መመሪያውንም ሁለት መስመር አድርጎ ቢጽፈው ምንም አይከስርም። የቡድን ሥራ ላይም እንዲሁ ነው። ድርሻው በጽሑፍ የተከፋፈለበት ቡድን ውስጥ እንዲህ ያለው ተማሪ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚተማመኑበት ይሆናል፤ «እንከፋፈለዋለን» ተብሎ በተተወበት ደግሞ ስሙ ከወረቀቱ ይጠፋል።

የማይታወቅ የጥሪ ቀን

ለውጥና አለመተንበይ የሚያውኩትን ሰው በዚህ ዘመን ለዩኒቨርሲቲ ማዘጋጀት ሌላ ክብደት አለው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በተፈጠረው ግጭት በክልሉ ያሉ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ የሚጠሩበት ጊዜ ተራዝሟል፤ የትምህርት ዘመኑ ተገፍቷል፤ መንገድና የኢንተርኔት አገልግሎት የተቋረጡባቸው ጊዜያት ነበሩ። ይህ ሁሉንም ተማሪ ጎድቷል። ቀኑን እየቆጠረ የሚዘጋጅ ኦቲዝም ያለበት ተማሪ ግን ጥሪው በተገፋ ቁጥር ዝግጅቱን ከመሠረቱ ያፈርሳል፤ ወላጆችም ይህን «ግትርነት» ይሉታል። የሚሻለው ከቀኑ ይልቅ ቅደም ተከተሉን ማስጠናት ነው፦ ጥሪው ሲወጣ በመጀመሪያው ቀን ምን እናደርጋለን፣ በሁለተኛው ምን፣ ጉዞው ቢሰረዝ ወዴት እንመለሳለን። ቀኑ ቢቀየርም ቅደም ተከተሉ ስለማይቀየር የሚይዘው ነገር ይኖረዋል።

መናገር ወይስ ዝም ማለት

ኦቲዝም እንዳለበት ለዩኒቨርሲቲው ያሳውቅ ወይስ አያሳውቅ የሚለው ቤተሰብን በጣም የሚያከራክር ጥያቄ ነው። ዝምታን የሚመርጡት ወገኖች ምክንያታቸው ቀላል አይደለም። ከሥነ አእምሮ ክፍል የወጣ ወረቀት ነገ በሥራ ቅጥር፣ ከነገ ወዲያ በትዳር ጊዜ ይነሣል ብለው ይሰጋሉ፤ ለእህቶቹም ይተርፋል ይላሉ። ወሬ በፍጥነት በሚዳረስበት ግቢ ውስጥ ለአንድ ቢሮ የተነገረ ነገር ዶርም ይደርሳል የሚለውም ስጋት መሠረት አለው። ማሳወቅን የሚደግፉት ደግሞ ያልተነገረ ችግር በመጨረሻ በባሰ ስም እንደሚጠራ ያስታውሳሉ፦ ሰነፍ፣ ትዕቢተኛ፣ ሱሰኛ።

ሁለቱም ወገኖች የሚዘነጉት መናገር አንድ ድርጊት አለመሆኑን ይመስላል። ለማን፣ ምን ያህል፣ መቼ የሚሉ ሦስት የተለያዩ ውሳኔዎች አሉበት። ለአንድ ኃላፊነት ላለበት ባለሙያ ስሙን ጠርቶ ማስረዳት ይቻላል። ለዶርም ጓደኞች «ድምፅ ሲበዛ ራሴን ያመኛል፣ አልጋዬን ሳትነኩ ብትጠሩኝ ደስ ይለኛል» ማለት ይበቃል፤ የሕክምና ስም አያስፈልገውም። ለመምህሩም የሚያስፈልገው ፍላጎቱ እንጂ ታሪኩ አይደለም። ውሳኔው የወላጅ ሳይሆን የተማሪው መሆን እንዳለበት ግን አጥብቆ መናገር ይገባል፤ ስለ እርሱ ያለ እርሱ የተነገረ ነገር ያለውን ጥቂት እምነት ያጠፋል።

አንድ ነገር ሊዘገይ አይገባውም፤ የሕክምና ማስረጃው። ትምህርት ሚኒስቴር ምደባ ሲያካሂድ በጤናና በአካል ጉዳት ምክንያት ልዩ ጥያቄ ያላቸው ተማሪዎች ማስረጃ እንዲያቀርቡ ሲያደርግ ቆይቷል። ማስረጃ መያዝ የግድ ማሳየት ማለት አይደለም። በእጅ የሌለ ማስረጃ ግን በሚያስፈልግበት ሳምንት አይገኝም።

ድጋፍና ፍትሕ

ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 የከፍተኛ ትምህርትን በግልጽ ይጠቅሳል፤ «ተመጣጣኝ ማመቻቸት» የሚለውንም ያዝዛል። ትርጉሙ የትምህርቱን ይዘትና መመዘኛ ሳይነካ፣ ተማሪው ወደ መመዘኛው የሚደርስበትን መንገድ ማስተካከል ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 41 የአካልና የአእምሮ ጉዳት ላለባቸው ዜጎች መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን እንክብካቤ እንዲያደርግ ይደነግጋል።

በተግባር የሚነሡ ተቃውሞዎች አሉ፤ መሰማትም አለባቸው። በክፍሉ ከመጠን በላይ ተማሪ የሚያስተምር መምህር ለእያንዳንዱ ልዩ ነገር ማድረግ አልችልም ቢል እውነቱን ነው። ማስረጃ የሌለው ሁሉ ተጨማሪ ሰዓት ይጠይቃል የሚለው ስጋትም ተገቢ ነው። ለዚህ መፍትሔው ጥያቄውን በአንድ ቢሮ በኩል ማጣራትና ውሳኔውን ለመምህራን በጽሑፍ ማሳወቅ ነው፤ ያን ጊዜ መምህሩ ዳኛ ከመሆን ይገላገላል። ጸጥ ያለ የፈተና ክፍል፣ ፕሬዘንቴሽንን በጥቂት ሰዎች ፊት የማቅረብ ፈቃድ፣ የዶርሙን የታችኛውን የጥግ አልጋ መስጠት በጀት አይጠይቁም። ማየት የተሳነው ተማሪ በብሬል ወይም በአንባቢ ሲፈተን አድልዎ ነው የሚል የለም። ልዩነቱ የዚያኛው ችግር በዐይን መታየቱ ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ማንኛውም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ የመውጫ ፈተናውን ግማሽ ነጥብ አምጥቶ ማለፍ ስላለበት፣ ድጋፍ የተደረገለት ተማሪ ያልተገባ ዲግሪ ይዞ ይወጣል የሚለው ክርክር እጅግ ሳስቷል።

«ይልመደው፤ ግቢ ያስተምረዋል» የሚለው አስተያየት ግን ለብቻው መልስ ይፈልጋል። ልምምድ እውነት ይረዳል። የሚረዳው ግን ቀስ በቀስ፣ ተማሪው ማቆም በሚችልበት ሁኔታ ሲደረግ ነው። መውጫ በሌለው ጫጫታ ውስጥ ለወራት መቆየት ነርቩን አያለምደውም፤ ያደክመዋል እንጂ።

በጎንደር ያለው አቅም

በ1947 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛ ሆኖ የተቋቋመውና በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በዚህ ረገድ ከሌሎች የተሻለ መነሻ አለው። ሆስፒታሉ የሥነ አእምሮ አገልግሎት ይሰጣል፤ ዩኒቨርሲቲው የአእምሮ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥናል፤ የልዩ ፍላጎትና የአካቶ ትምህርት ክፍልም አለው። ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር በ2017 እ.ኤ.አ. የጀመረው የአሥር ዓመት ትብብር በዋናነት አካል ጉዳት ላለባቸው 450 ወጣቶች የትምህርት ዕድል ለመስጠት ታስቦ የተነደፈ ነው። በዚሁ ትብብር በሀገሪቱ የመጀመሪያው የኦኩፔሽናል ቴራፒ የዲግሪ ትምህርት ተከፍቷል። ኦኩፔሽናል ቴራፒ ሰው የዕለት ኑሮውን ተግባራት፣ መልበስን፣ መብላትን፣ መማርን፣ ጊዜን ማብቃቃትን፣ በራሱ እንዲያከናውን የሚያግዝ የጤና ሙያ ነው።

ይህ ሙያ ከላይ ከተዘረዘረው ችግር ጋር እጅና ጓንት ነው። የዶርም ድምፅ፣ የካፌ ሽሽት፣ የሥራ ቅደም ተከተል መጥፋት፣ ሁሉም የኦኩፔሽናል ቴራፒ ባለሙያ የዕለት ሥራ ናቸው። በሙያው የሚሠለጥኑ ወጣቶች በመምህራኖቻቸው ክትትል ከአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ጋር ቢሠሩ ለሁለቱም ይበጃል፤ የሚያስፈልገው አዲስ ሕንፃ ሳይሆን በክፍሎቹ መካከል የሚደረግ ስምምነት ነው።

ከ11ኛ ክፍል የሚጀምር ሥራ

ዝግጅቱ ከምደባ በኋላ ከተጀመረ ዘግይቷል። ልብስ ማጠብ፣ ገንዘብ ቆጥሮ መያዝ፣ ባጃጅ መኮናተር፣ መድኃኒት መግዛት፣ ቢሮ ገብቶ ጉዳይ ማስረዳት ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ በአንድ መለማመድ ያለባቸው ናቸው። ብዙ ወላጆች ጊዜውን ለጥናት ብቻ ይሰጡታል፤ «አንተ ብቻ አጥና» ይሉታል። ከፍቅር የመጣ ነው፤ ልጁን ግን ለፈተናው እንጂ ለግቢው አያዘጋጀውም።

ቤተሰቦች ልብ የማይሉት አንድ ጥሩ ዕድል ሀገር አቀፍ ፈተናው ራሱ ነው። ከ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ጀምሮ ብዙ ተማሪዎች ፈተናውን የወሰዱት በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለጥቂት ቀናት እያደሩ ነው። እነዚያ ቀናት ኦቲዝም ላለበት ተማሪ የዶርምና የካፌ የመጀመሪያ ሙከራ ናቸው። ሲመለስ «ፈተናው እንዴት ነበር?» ከሚለው ጥያቄ በተጨማሪ እንቅልፉ፣ ምግቡና መታጠቢያው እንዴት እንደነበር ረጋ ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ ያስፈልጋል። ከዚህ የተሻለ መረጃ ከየትም አይገኝም።

ምደባው ከታወቀ በኋላ ግቢውን ቀድሞ ማየት ከተቻለ ይጠቅማል። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ግቢዎች፣ ማራኪ፣ ቴዎድሮስ፣ ፋሲልና የጤና ሳይንሱ፣ በከተማዋ የተለያየ ቦታ ላይ ስላሉ፣ ከአንደኛ ዓመት በኋላ ዲፓርትመንት ሲመደብ ግቢና ዶርም ሊቀየር እንደሚችል ተማሪው ከወዲሁ ማወቅ አለበት። በጉብኝቱ ላይ ላይብረሪውን ብቻ ሳይሆን ሰው የማይበዛበትን አንድ ጥግ ማግኘት ይገባል። ሰልፍ የሚቀንስበትን የካፌ ሰዓት፣ የሬጅስትራሩን መስኮት፣ የዶርም ተቆጣጣሪውን፣ የፕሮክተሩን፣ ቢሮ ማየትም እንዲሁ። ከዚያም ፍላጎቱን በራሱ ቃል የገለጸበት አንድ ገጽ ጽሑፍ ቢይዝ፣ በጭንቀት ጊዜ አንደበቱ ቢያዝ እንኳ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

የጎንደር ልጅ ጎንደር ከተመደበ ከቤቱ እየተመላለሰ ይማር ወይስ ዶርም ይግባ የሚለው አንድ መልስ የለውም። ቤት ማደር እረፍቱን ያስጠብቃል፤ ዝናብ፣ ትራንስፖርትና የማታ የቡድን ሥራ ግን ያስቸግራሉ፤ ከወሬው ሰንሰለትም ያወጣዋል። ዶርም መግባት ነፃነትን ያስተምራል። በአንደኛው ሴሚስተር በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ሌሊት ቤት ማደር ለብዙዎች የሚስማማ መካከለኛ መንገድ ይመስለኛል። ከሩቅ ለመጣ ተማሪ ደግሞ በከተማዋ ያለ ዘመድ ወይም የአገር ልጅ በር የሚያንኳኳበት አንድ ቤት መኖሩ ተመሳሳይ ጥቅም ይሰጣል። የጥምቀት ሰሞን ከተማዋ በእንግዳ ስትሞላና ሌሊቱ በዝማሬና በሆታ ሲያልፍ፣ ማየት ለሚፈልገው አብሮት የሚሄድ፣ ለማይፈልገውም የሚያርፍበት ቤት ቀድሞ መታሰብ አለበት።

በመጨረሻም ነገሩ ባይሳካስ የሚለው ጥያቄ በግልጽ መነገር ይኖርበታል፤ ወላጆች ሟርት እየመሰላቸው ይዘሉታል። ጭንቀትና ድባቴ ኦቲዝም ባለባቸው ወጣቶች ላይ ከሌሎች ይልቅ ይበዛሉ። እንቅልፍ ማጣት፣ ምግብ መተው፣ ለወላጅ ስልክ አለማንሣት፣ ከአልጋ አለመውጣት ሲደራረቡ ጉዳዩ የሐኪም ነው። ተማሪው ለጊዜው ማቋረጥ ካስፈለገው፣ ተማሪዎች «ዊዝድሮዋል» የሚሉት፣ በሬጅስትራር በኩል ቅጽ ተሞልቶ የሚፈጸም ሕጋዊ ማቋረጥ አለ። ቅጹን ሞልቶና ማስረጃውን አያይዞ የወጣ ተማሪ እንደገና ለመመለስ ማመልከት ይችላል። ሻንጣውን ይዞ በዝምታ የጠፋው ግን በመዝገቡ ላይ የሚታየው ያልተፈተነ፣ ያላስረከበና የወደቀ ሆኖ ነው። ቅጹ የትኛው መስኮት ላይ እንደሚገኝ፣ ማን እንደሚፈርምበት፣ እስከ ስንተኛው ሳምንት እንደሚቀበሉት በምዝገባው ቀን ተጠይቆ በዚያው ባለ አንድ ገጽ ጽሑፍ ጀርባ ላይ ሊሰፍር ይገባል።